ሁለት አሉታ በአንድ ጥያቄ

የሮፐር ድርጅት በአሜሪካ የሕዝብ አስተያየት ጥናት ውስጥ አንጋፋ ስም ነበር። በኖቬምበር 1992 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ የአይሁድ ኮሚቴ አሠርቶት፣ ወደ 1,000 የሚጠጉ አዋቂዎችን ስለ ሆሎኮስት፣ ናዚዎች በአይሁዶች ላይ ስለፈጸሙት ጭፍጨፋ፣ ጠየቀ። ውጤቱ ይፋ የሆነው በኤፕሪል 1993፣ የዋሽንግተኑ የሆሎኮስት መታሰቢያ ሙዚየም በተከፈተበት ሰሞን ነው። 22 በመቶው ጭፍጨፋው «አልተፈጸመ ይሆናል» ብሏል፤ 12 በመቶው አላውቅም። አንዳንዱ ዘጋቢ ከአምስት አንዱ ይጠራጠራል አለ፤ ሌላው «አላውቅም»ንም ደምሮ ከሦስት አንዱ አደረሰው። አገር ደነገጠ።

ጥያቄው ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ነው፦ «ናዚዎች አይሁዶችን መጨፍጨፋቸው ፈጽሞ ያልሆነ ነገር መሆኑ፣ የሚቻል ይመስልዎታል ወይስ የማይቻል?» ወረቀት ይዞ ሁለቴ ላነበበው ይገባል። አንዴ ተነቦለት ወዲያው መልስ ለሚጠበቅበት ሰው ግን ሌላ ነው። ጭፍጨፋው መፈጸሙን የሚያምን ሰው «የማይቻል» ማለት አለበት፤ አለመሆኑ አይቻልም እንደማለት። ጆሮው የመጀመሪያዋን «ያል» ካለፋት፣ «ይቻላል» የሚለው «ሆኗል» ለማለት ነው። መልሱ የሚመዘገብበት ኮድ ግን ከሚክዱት ጋር ይቆጥረዋል።

በማርች 1994 ሮፐር ጥያቄውን አስተካክሎ እንደገና ወጣ፤ ስህተቱንም በአደባባይ አመነ፣ ይህን የሚያደርግ ብዙ የለም። የአዲሱ ጥያቄ ሁለተኛ አማራጭ «መፈጸሙን እርግጠኛ ነዎት?» የሚል ሆነ። 91 በመቶው እርግጠኛ ነኝ አለ፣ 8 በመቶው አላውቅም፣ የተጠራጠረው 1 በመቶ ብቻ። ለ1,000 ሰው ናሙና የሚጻፈው የስህተት መጠን፣ ናሙናው ከመላው ሕዝብ ሊለይ የሚችልበት ማለት ነው፣ ወደ ላይም ወደ ታችም 3 ነጥብ ገደማ ነው። የ21 ነጥቡን ልዩነት ያመጣው የጥያቄው አነጋገር ነው፤ እሱን የሚለካ ቁጥር ደግሞ በሪፖርቱ ግርጌ አይጻፍም።

በአማርኛ ነገሩ ይብሳል። «ባለፈው ሳምንት ውሃ አልመጣም?» ተብሎ «አዎ» የሚል ሰው አለመምጣቱን መስማማቱ ነው? በጨዋታ መሐል ግሱን አስከትለን «አዎ፣ አልመጣም» ስለምንል አንደናገርም። መረጃ ሰብሳቢው መልስ በሚሞላበት ታብሌት ላይ ያለው ግን «አዎ = 1፣ አይ = 2» ነው። ያንኑ መልስ ሰምቶ አንዱ መረጃ ሰብሳቢ 1 ይነካል፣ ሌላው 2። ዳታ የሚያጸዳው ባለሙያ ይህን አይቶ መለየት አይችልም፤ ሁለቱም ትክክለኛ ኮድ ናቸው።

አሉታ የሌለው ጥያቄም ልቅ ሲሆን ያሳስታል። የአሜሪካው የሕዝብ አስተያየት አጥኚ ፒው የምርምር ማዕከል በ2003 (እ.ኤ.አ.) መባቻ፣ የሳዳም ሁሴንን አገዛዝ ለማብቃት ኢራቅ ላይ ወታደራዊ እርምጃ ይደግፋሉ ወይ ብሎ ሲጠይቅ 68 በመቶ ደገፈ፣ 25 ተቃወመ። «በሺዎች በሚቆጠሩ የአሜሪካ ወታደሮች ላይ ጉዳት ቢደርስም እንኳ» የሚል ሲጨመርበት ድጋፉ 43 ሆነ፣ ተቃውሞው 48። ጋዜጣ ላይ ሁለቱም «ሕዝቡ ስለ ጦርነቱ ያለው አቋም» ተብለው ሊወጡ ይችላሉ።

እንዲህ ያለው ጥያቄ መያዝ ያለበት መስክ ሳይወጣ ነው። መጠይቁ ለስምንት ወይም ለአሥር ሰው፣ ያልተማሩም ተካተው፣ ጮክ ተብሎ ይነበብ። «ገባዎት?» ማለት ዋጋ የለውም፤ በይሉኝታ ሁሉም ገብቶኛል ይላል። «እስቲ በራስዎ አባባል፣ ምን ብዬ ጠየቅኩዎት?» ነው መባል ያለበት። ሁለት ሰው እንኳ ገልብጦ ከመለሰው ጥያቄው እንደገና ይጻፋል። በሁለት አጻጻፍ መሐል ማመንታት ካለ ናሙናው ለሁለት ተከፍሎ እያንዳንዱ ግማሽ በአንዱ አጻጻፍ ይጠየቅ፤ ክፍፍሉ በዕጣ እንጂ በቀበሌ ወይም በቀን አይሁን፣ አለዚያ የሚወዳደረው ሠፈር ከሠፈር ይሆናል።

ብዙ ቢሮ የሚተማመንበት መልሶ መተርጎም እዚህ ላይ አያድንም። ተርጓሚው ሁለቱን አሉታ በታማኝነት ወደ አማርኛ ያመጣል፣ ሁለተኛው ተርጓሚ በዚያው ታማኝነት ወደ እንግሊዝኛ ይመልሳቸዋል፤ ሁለቱ ጽሑፎች ገጥመው ፋይሉ ላይ «ጸድቋል» ተብሎ ማኅተም ይመታበታል።