ያበጠው በር

ነሐሴ፣ ማታ

ዛሬ አንድ ደንበኛዬ «በሩ አልዘጋ አለኝ» ብሎ ጠራኝ። ግንቦት ላይ የገጠምኩለት የባህር ዛፍ በር ነው። ክረምቱ ሲከር እርጥበት ጠጥቶ አብጧል፤ መቃኑ ላይ ይይዛል። ጠርዙን ትንሽ በመላጊያ ላግኩት፣ ተዘጋ። በመስከረም ሲደርቅ ደግሞ ክፍተት ያመጣል። አውቀዋለሁ።

ታክሲ ውስጥ ሆኜ ያሰብኩት ግን ስለ ጠመንጃ ነው። ሰሞኑን ስለ እንግሊዞች የአልሞ ተኳሽ መሣሪያ እያነበብኩ ነበር። እነሱንም ያስቸገራቸው እንጨት ነው።

ድሮ የሚይዙት ኤል 42 የሚባል ጠመንጃ ሰደፉ እንጨት ነበር። እንጨቱ ሲያብጥ በርሜሉን ይገፋል። ግፊቱ ለዓይን አይታይም። ነገር ግን 100 ሜትር ላይ 1 ሳንቲ ሜትር የሳተ ጥይት፣ 1500 ሜትር ላይ 15 ሳንቲ ሜትር ይስታል። ያውም ነፋሱን ሳንቆጥር።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ይህን የተካውን ጠመንጃ የሠሩት ሰዎች ከስፖርቱ የመጡ ናቸው። ማልኮም ኩፐር እ.ኤ.አ. በ1984 በሎስ አንጀለስ፣ በ1988 በሴኡል የኦሊምፒክ ዒላማ ተኩስ ወርቅ የወሰደ ሰው ነው። ከጓደኞቹ ጋር አኩረሲ ኢንተርናሽናል የተባለውን የጠመንጃ ፋብሪካ አቋቋመ። ያመጡት መላ እስካሁን ያስደንቀኛል። መሃል ላይ እንደ አከርካሪ የሚያገለግል አሉሚኒየም አስቀመጡ። የጠመንጃውን አካል እሱ ላይ በብሎን አሰሩት፣ በኮላም አጣበቁት። ከውጭ የሚታየው ፕላስቲክ ለእጅ መያዣ ብቻ ነው፤ ሸክም የለበትም። በርሜሉ ከፊት ምንም ሳይነካው ተንሳፎ ይቆማል። ዝናብ ቢዘንብ፣ ፀሐይ ቢከር፣ የዛሬው ጥይት ትናንት የመታበት ይመታል። ለስዊድኖች ደግሞ በረዶ እንዳይዘው አድርገው ሠሩት፤ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ላይም ይሠራል። እኔ ስንት ዓመት የተሻለ እንጨት ስፈልግ ኖሬአለሁ! ሸክሙን ከእንጨቱ ላይ ማንሳት አልታየኝም።

ቆይቶ የመጣው የዚሁ ፋብሪካ ጠመንጃ፣ ኤል 115 ኤ 3፣ ካሊበሩ (የጥይቱ ውፍረት) 8.59 ሚሊ ሜትር ነው። ክብደቱ 6.8 ኪሎ ሲሆን ካዝናው 5 ጥይት ይይዛል። ተኳሹ ከአንድ ጓዱ ጋር ይወጣል። አብዛኛው ሥራቸው መተኮስ አይደለም፤ ተኝቶ ማየትና ያዩትን ለአለቃ መንገር ነው። እ.ኤ.አ. ኅዳር 2009 ግን አንድ እንግሊዛዊ ወታደር በአፍጋኒስታን ሙሳ ቃላ፣ ከ2475 ሜትር ላይ ሁለት መትረየስ ተኳሾችን ገደለ። ከአራት ኪሎ መስቀል አደባባይ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ማለት ነው።

ሥራው የእጅ ጥበብ ነው፤ እወደዋለሁ። እዚህ ጋ ስደርስ ግን ልቤ ከበደኝ። ኩፐር ሜዳሊያ ያገኘው ከ50 ሜትር ላይ ወረቀት በመብሳት ነበር።

ቤት ስገባ ባለቤቴ «ዝም አልክ፣ ምን ሆነሃል?» አለችኝ። ስለ በሩ ነገርኳት። ስለ ጠመንጃው ምንም አላልኩም። ወንድሟ ከጦር ሜዳ አልተመለሰም።