በ42 ዓመቴ ጎልፍ የተማርኩት ሳሎኔ ውስጥ ነው

ጎልፍ የጀመርኩት በ42 ዓመቴ ነው። አሁን 45 ሊሞላኝ ነው። ሥራዬ ሂሳብ ነው፤ ቢሮዬ ሜክሲኮ አካባቢ፣ ቤቴ ልደታ ኮንዶሚኒየም። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ነው የምውለው። አንድ ቅዳሜ የሥራ ባልደረባዬ "ና እስቲ፣ አየር ትቀበላለህ" ብሎ ይዞኝ ሄደና ዱላ አስጨበጠኝ። ስድስት ሰባት ኳስ ሞከርኩ፤ ግማሹን ጭራሽ አልነካሁትም። አንዷ ግን ተመታች። እንዴት እንደመታኋት አላውቅም፣ ጠቅ የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ እጄ ላይ ምንም አልተሰማኝም፣ ቀና ስል ኳሷ አየር ላይ ናት። ያቺን ድምፅ ሳስብ ሳምንቱን ሙሉ ሰነበትኩ።

ያኔ ኳሷን 9 ጉድጓድ ውስጥ በየተራ አስገብቶ ለመጨረስ 71 ምት ይፈጅብኝ ነበር። አሁን 47፣ 48 ላይ ነኝ። ከልጅነቱ ጀምሮ ለተጫወተ ሰው ይህ ብዙ ላይመስለው ይችላል፣ ለእኔ ግን በጣም ትልቅ ነገር ነው። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። በተለይ የመጀመሪያውን ዓመት በከንቱ ነው ያሳለፍኩት፤ እናንተ እንዳትደግሙት።

ያ ዓመት ያለቀው በድራይቨር ነው። ከዱላ መያዣው ቦርሳ፣ ኪስ ከምንለው፣ የሚወጣው ትልቁና ረጅሙ ዱላ ማለቴ ነው። ወደ ውጭ ከሚሄድ ሰው ያገለገለ ሙሉ ኪስ ገዛሁ፣ ከውስጡ ግን የምወደው አንዱን ብቻ ነበር። ማታ ማታ ስልኬ ላይ ቪዲዮ አያለሁ፣ ቅዳሜ ሄጄ መቶ ኳስ እመታለሁ፣ እሁድ ወገቤን ይዤ እተኛለሁ። መሻሻል የሚባል ነገር አልነበረም። ለአንድ አሠልጣኝም ከፍዬ ነበር፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ስለ ጉልበቴ፣ ስለ ትከሻዬ፣ ስለ ክርኔ፣ ስለ አንገቴ፣ የማይነካው ነገር አልነበረም፣ ከዚያ ስወጣ ቆሜ መራመድ ራሱ አሳሰበኝ። አዋቂ ሰው በአንድ ጊዜ የሚይዘው አንድ ነገር ነው። ልጅ አይቶ ይኮርጃል። እኛ እናስባለን፣ እያሰብን ደግሞ እንደርቃለን።

የመጀመሪያውን ጠቃሚ ነገር ያገኘሁት ካልጠበቅኩበት ቦታ ነው። ንጋት 11 ሰዓት ላይ፣ መኪናው ሁሉ ሳይነቃነቅ፣ ግቢያችን ውስጥ ሰባት ቁጥር አይረን (ጫፉ ብረት የሆነ መካከለኛ ዱላ) ይዤ ያለ ኳስ እወዘውዝ ነበር። የግቢያችን ዘበኛ የሰላሌ ሰው ናቸው፣ ዕድሜያቸው ስልሳን አልፏል። ብርድ ልብሳቸውን እንደተከናነቡ ለጥቂት ቀን ዝም ብለው አዩኝ። አንድ ቀን ቀረብ አሉና "ልጄ፣ ይሄ እንደ ገና ጨዋታ ነው እንዴ?" አሉኝ። ይመስላል አልኳቸው። "እንግዲያው ሩሯ ሳትመታ ቀና አትበል። ወዴት እንደሄደች ጓደኛህ ይነግርሃል" አሉኝ። በወጣትነታቸው በገና ሰሞን ሜዳ ላይ ሲጫወቱ የኖሩ ሰው ናቸው። ቪዲዮው በሃያ ደቂቃ የሚያብራራውን እሳቸው በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨረሱት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ኳስ ስመታ ዓይኔ ኳሷ የነበረችበት ሳር ላይ ይቆያል።

ሁለተኛውን ያስተማረኝ ካዲው (ሜዳ ላይ ዱላ የሚሸከምልኝ ልጅ) ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። ሜዳው ላይ ያደገ ልጅ ነው፣ ከብዙዎቻችን የተሻለ ይመታል። እስከዚያ ድረስ ኪስ ሲሸከምልኝ ብቻ ነበር የማውቀው፣ ይህ አሁን ድረስ ይቆጨኛል። አንድ ጠዋት ሦስት ጊዜ ተከታትዬ የኳሷን አናት መትቼ መሬት ለመሬት ስትንከባለል አየና "ጋሼ፣ ኳሷን አያንሷት፤ ዱላው ያነሳታል" አለኝ። አልገባኝም። ከሱሪው ኪስ የአምቦ ውሃ ቆርኪ አወጣ። ኳሷን አነሳና ቆርኪዋን ኳሷ ከነበረችበት አራት ጣት ያህል ወደ ፊት፣ ወደ ዒላማው በኩል አስቀመጠ። "አሁን ኳስ የለም። እሷን ይምቱ" አለ።

መታሁ። ዱላው ቆርኪዋ ጋ ሳይደርስ መሬት ቧጠጠ። እንደገና። አሁንም ከኋላ። "ክብደትዎ ቀኝ እግር ላይ ቀርቷል" አለኝና በግራ እግሬ ላይ ብቻ ተደግፌ፣ የቀኝ እግሬን ተረከዝ አንስቼ እንድሞክር አደረገኝ። ስንተኛው ላይ እንደሆነ እንጃ፣ ቆርኪዋ ተሽከርክራ ሄደች፣ ከሥሯም መዳፍ የምታህል ሳር ተገንጥላ ወጣች። ያኔ ልጁ ምንም ሳይል ኳሷን ወደ ቦታዋ መለሳት። መታኋት። ያ የመጀመሪያው ቀን ድምፅ ተመልሶ መጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰባት ቁጥር አይረን ፊት ሠላሳ ዲግሪ ገደማ ወደ ኋላ ያዘነበለ ነው። ኳሷን ወደ ሰማይ የሚልካት ይህ ዝንባሌ ነው፣ የእኛ ክንድ አይደለም። እኛ ለማንሳት ስንሞክር ሰውነታችን ወደ ኋላ ይቀራል፣ ዱላው ቶሎ ዝቅ ይልና ወይ መሬት ይመታል ወይ ወደ ላይ እየወጣ የኳሷን አናት ይገጫል። በአይረን ስንመታ ዱላው መጀመሪያ ኳሷን፣ ቀጥሎ መሬቱን ማግኘት አለበት። ድራይቨር የተለየ ነው፤ ኳሷ ቲ (መሬት ላይ የሚሰካ ትንሽ መቆሚያ) ላይ ስለምትቀመጥ መሬት መንካት አያስፈልገውም። እኔ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ የድራይቨርን ነገር ለሁሉም ዱላ ስጠቀም ነበር።

ከዚያ በኋላ በሳምንት አንድ ሰዓት እንዲያስተምረኝ ከልጁ ጋር ተስማማን፣ በአግባቡም እከፍለዋለሁ። መቶ ኳስ መምታት ቀረ። አርባ ይበቃል። በእያንዳንዷ ኳስ መሃል ከቦታዬ ወጥቼ እንደ አዲስ እቆማለሁ። ወገቤም አረፈ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

የሂሳብ ሰው ስለሆንኩ አንድ ቀን ማስታወሻ ደብተር ይዤ ሄድኩ። ምቱን ብቻ ሳይሆን ከየት እንደተመታ እየጻፍኩ ነበር። 71 ምት ወጣ። ከዚያ ውስጥ 26ቱ ግሪን (ጉድጓዱ ያለበት በአጭሩ የታጨደ ሳር) ላይ፣ በፓተር (ኳሷን መሬት ለመሬት በሚያንከባልለው ዱላ) የተመቱ ናቸው። ሌላ 19 ምት ደግሞ ከግሪኑ በሃምሳ እርምጃ ውስጥ ሆኜ የመታኋቸው ናቸው። ድራይቨር ያወጣሁት ሰባት ጊዜ ብቻ ነው። ማታ ቤት ቁጭ ብዬ ስደምረው ማመን አቃተኝ፤ ከ71 ምት 45ቱ የጠፋው ዓመቱን ሙሉ ጭራሽ ተለማምጄው በማላውቀው ቦታ ነው። ሁለት መቶ ሜትር የምትሄድ ምትም አንድ ምት ናት፣ አንድ ስንዝር የምትሄድም አንድ ምት ናት። ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ግን ተጽፎ ሳየው ነው የገባኝ።

በዚያው ሳምንት ልምምዴን ሳሎን አስገባሁት። ምንጣፍ ላይ የሻይ ብርጭቆ አጋደምኩ፣ ሁለት ሜትር ለካሁ፣ ፓተሬን ያዝኩ። የጎልፍ ጉድጓድ ስፋቱ 108 ሚሊ ሜትር ነው፣ ኳሷ 43 ሚሊ ሜትር ገደማ ናት። የእኔ ብርጭቆ አፍ 65 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለት ሜትር ላይ የፓተሩ ፊት በአንድ ዲግሪ ብቻ ቢዞር ኳሷ ሦስት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ከመስመር ትወጣለች። ይህ ስህተት ብርጭቆውን ያስታል፣ እውነተኛው ጉድጓድ ግን ይቀበለዋል። ስለዚህ ብርጭቆውን የለመደ ሰው ሜዳ ላይ ሲቆም ጉድጓዱ እንደ ድስት ሰፍቶ ይታየዋል። ማታ አሥር ኳስ በተከታታይ ሳላስገባ አልተኛም ብዬ ወሰንኩ። ዘጠኝ ላይ ደርሼ አሥረኛዋን የሳትኩበት ሌሊት ብዙ ነው። እጅ መንቀጥቀጥ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው፣ ደግሞም ሜዳ ላይ የሚያጋጥመው እሱ ራሱ ስለሆነ ጥሩ ልምምድ ሆነልኝ።

ምንጣፍ የሚያስተምረው አቅጣጫን ብቻ ነው። ርቀትን አያስተምርም። ለዚያ ቅዳሜ ጠዋት ጨዋታ ሳይጀመር ሩብ ሰዓት ቀደም ብዬ ግሪን ላይ እገኛለሁ። ከአምስት፣ ከአሥርና ከአሥራ አምስት እርምጃ ሦስት ሦስት ኳስ እመታለሁ፣ ለማስገባት ሳይሆን ጉድጓዱ አጠገብ እንድትቆምልኝ። ሦስት ጊዜ በፓተር መምታት የሚመጣው ከመጀመሪያዋ ምት ርቀት ነው፤ ወይ ታጥራለች ወይ ታልፋለች። በክረምት ሳሩ ስለሚረጥብ ኳሷ ቶሎ ትቆማለች፣ በበጋ ደግሞ ትሮጣለች። ስለዚህ ያለፈው ወር እጅ ለዚህ ወር አይሠራም።

አያያዝን በተመለከተ እናቴ ቤት አንድ እሁድ ያየሁትን ልጨምር። ቡና እየቀዳች ነበር። ጀበናውን ጥብቅ አድርጋ ይዛዋለች፣ አይወድቅም፣ አንጓዋ ግን ልቅ ነው። ቡናው ቀጭን ሆኖ ሳይቆራረጥ ይወርዳል። እኔ ዱላ ስይዝ ጡንቻዬ እስከ አንገቴ ይገተር ነበር። ካዲው "ላላ ይበሉ ጋሼ፣ ላላ" ሲለኝ የማልረዳውን እሷን እያየሁ ተረዳሁት። በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት ሳይሆን በመጨረሻዎቹ ሦስት ጣቶች ያዝኩ፣ ትከሻዬ ወረደ።

አንድ ነገር ደግሞ የአዲስ አበባ ሰው ማወቅ አለበት። ከተማችን ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ ስስ ነው፣ ስለዚህ ኳስ ባሕር ዳርቻ ካለ ሜዳ 10 በመቶ ገደማ አስበልጣ ትሄዳለች። ቪዲዮ ላይ "ሰባት ቁጥር ይህን ያህል ይሄዳል" የሚለውን ቁጥር ተከትዬ ስንት ጊዜ ግሪኑን አልፌያለሁ! አሁን የራሴን ርቀት በእርምጃ ለክቼ ደብተሬ ላይ ጽፌያለሁ። ለእያንዳንዱ ዱላ አንድ መስመር። ረጅሙን ሳይሆን ብዙ ጊዜ የሚደጋገመውን ነው የጻፍኩት።

መጀመር አስበው ዕድሜና ዕቃ ለሚያሳስባቸው፦ ሕጉ እስከ 14 ዱላ ይፈቅዳል፣ ለመጀመሪያው ዓመት ግን ሰባት ቁጥር፣ አንድ ዌጅ (ኳሷን ከቅርብ ወደ ላይ የሚያነሳ ዱላ) እና ፓተር ይበቃችኋል። ሙሉ ኪስ አትግዙ። ሀንዲካፕም (ለደከመ ተጫዋች ከውጤቱ የሚቀነስለት ምት) ከ2020 ጀምሮ በዓለም ዙሪያ በአንድ ሥርዓት እስከ 54 ድረስ ይሰጣል፤ እንደኛ ዓይነቱ ሰው ከጎበዝ ተጫዋች ጋር እኩል ሆኖ እንዲወዳደር ታስቦ የተሠራ ነው። አትፈሩ። ማንም ሰው ምታችሁን እያየ አይደለም፣ ሁሉም የራሱን ኳስ ፍለጋ ላይ ነው።

ያለፈው ቅዳሜ በደብተሬ 47 ምት ሆነ፣ ግሪን ላይ 18። ከ26 ወርዶ ማለት ነው። ከ18ቱ ውስጥ አንዷ ከአሥራ ሁለት እርምጃ ቁልቁል ገባች፣ ልጁ የጉድጓዱን ምልክት ባንዲራ እንደያዘ "እሰይ ጋሼ!" ብሎ ጮኸ። አሁን ያስቸገረኝ ሜዳው ላይ ሆን ተብሎ የተሠራው የአሸዋ ጉድጓድ ነው። ባለፉት ሦስት ሳምንታት አሸዋ ውስጥ ብቻ አሥራ አንድ ምት አጥፍቻለሁ፣ ሁሉም ተጽፏል። ልጁ ኳሷን ሳይሆን ከኋላዋ ያለውን አሸዋ ይምቱ ይለኛል፣ እጄ ግን ገና እሺ አላለም። ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ቀጠሮ አለን፣ አንድ ሰዓቱን ሙሉ እዚያው የአሸዋ ጉድጓድ ውስጥ ነን።