ናይፋይ ሊኑክስ ላይ፣ መብራት በሚጠፋበት ከተማ

ሰሞኑን ናይፋይ (ዳታን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ የሚያመላልስ ፕሮግራም ነው) ሰርቨር ላይ እንዴት ነው የሚጫነው የሚሉኝ ልጆች በዝተዋል፣ እዚህ ጎንደር ፒያሳ ሱቅ አዘዞ መጋዘን ላለው አንድ አከፋፋይ የሁለቱን ቦታ ሽያጭ ወደ አንድ ፖስትግሬስ ዳታቤዝ የሚሰበስብ ነገር ስለሰራሁ ነው መሰለኝ። ለየብቻ ከምመልስ እዚሁ ልጻፈው።

መጫኑ ራሱ ብዙ ወሬ የለውም። ናይፋይ 2 ጃቫ 21 ይፈልጋል፣ 17 ካላችሁ አይነሳም። ፋይሉ ትልቅ ስለሆነ በብሮውዘር ለማውረድ አትድከሙ፣ ደብሊውጌትን (ከተርሚናል ፋይል የሚያወርደውን ትእዛዝ) በዳሽ ሲ ልቀቁት፣ ኔትወርክ ቢቆረጥ እንኳ ትእዛዙን ስትደግሙት ካቆመበት ይቀጥላል። ኦፕት ፎልደር ስር ፍቱትና ለብቻው ዩዘር ፍጠሩለት፣ በናታችሁ በሩት፣ ሁሉን ማድረግ በሚችለው ዩዘር፣ አታስነሱት። መጀመሪያ ሲነሳ ዩዘርኔምና ፓስወርድ ራሱ ፈጥሮ ሎጉ ውስጥ ይጽፋል፣ የራሳችሁን መስጠት ከፈለጋችሁ ደግሞ ፓስወርዱ ከ12 ፊደል ካነሰ አይቀበልም።

ሰው የሚጨናነቀው ቀጥሎ ነው። ላፕቶፑ ላይ የሰርቨሩን አይፒና 8443 (የናይፋይን ፖርት) ይጽፋል፣ አይከፍትለትም፣ ከዛ ፋየርዎል መበርበር ይጀምራል። ፋየርዎሉ ምን አደረገ፣ ናይፋይ ሲጀመር 127.0.0.1 ላይ ብቻ ነው የሚያዳምጠው፣ ማለትም ከራሱ ከሰርቨሩ ለሚመጣ ብቻ ነው የሚከፍተው። እሱን ቀይራችሁ ብትመጡ ደግሞ ሰርተፍኬቱ ያንን አድራሻ ስለማያውቀው ኢንቫሊድ ኤስኤንአይ የሚል ኤረር ይሰጣችኋል። ብቻችሁን የምትጠቀሙበት ከሆነ ምንም ሳትነኩ በኤስኤስኤች ተነል (ከላፕቶፑ እስከ ሰርቨሩ በሚዘረጋ የተመሰጠረ መስመር) 8443ን ወደ ላፕቶፓችሁ ሳቡና ሎካልሆስት ብላችሁ ግቡ፣ አለቀ።

አሁን ወደ መብራቱ። ናይፋይ እያንዳንዱ ዳታ የት እንደደረሰ ዲስክ ላይ እየመዘገበ ነው የሚሄድ፣ ስለዚህ ፕሮሰሱ ቢሞት ተነስቶ ካለበት ይቀጥላል። ግን ኦልዌይስ ሲንክ የሚሉ ሴቲንጎች አሉ፣ አንዱ ለፍሎውፋይል ሪፖዚተሪ (ዳታው የት እንደደረሰ ለሚጻፍበት) አንዱ ለኮንተንት (ለዳታው ለራሱ)፣ ሁለቱም ሲጀመር ፎልስ ናቸው። ይሄ ማለት ተጻፈ የተባለው ነገር ገና ሚሞሪ ላይ ሊሆን ይችላል ማለት ነው፣ ማሽኑ ድንገት ከጠፋ አብሮ ይሄዳል። ሁለቱንም ትሩ አድርጓቸው። ፍጥነት ይቀንሳል፣ አዎ፣ ግን የሁለት ቦታ ሽያጭ ለማስተላለፍ ምን ፍጥነት ያስፈልጋል? ዩፒኤስ አለን የምትሉም አድርጉት፣ የዩፒኤስ ባትሪ እንደሆነ ሲያረጅ ለማንም አይነግርም።

ሲስተምዲ (ሊኑክስ ሲነሳ ፕሮግራሞችን የሚያስነሳው) ሰርቪስ አድርጋችሁ ኢኔብል በሉት፣ መብራት ሌሊት መጥቶ እናንተ እስክትገቡ ቁጭ ብሎ እንዳይጠብቅ። እዚህ ጋ አንድ ነገር፣ የናይፋይ መመሪያ ኦፕን ፋይል ሊሚቱን (ፕሮግራሙ በአንዴ መክፈት የሚችለውን የፋይል ብዛት) ሊሚትስ ኮንፍ ላይ ወደ 50000 ከፍ አድርጉ ይላል፣ ሲስተምዲ ግን ያንን ፋይል አያየውም፣ ሰርቪስ ፋይሉ ውስጥ ሊሚት ኖፋይል ብላችሁ መጻፍ አለባችሁ።

ሌላው የኛው ጣጣ ቀን ነው። ሱቁና መጋዘኑ የሚልኩት ኤክሴል በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው የተሞላ። 03/13/2015 (ጳጉሜ 3) ሲመጣ ደስ ይበላችሁ፣ ፈረንጅ 13ኛ ወር ስለሌለው ኤረር ይሰጣል፣ ታዩታላችሁ። የሚያስፈራው ድምጽ የማያሰማው ነው፣ 30/06/2015 የካቲት 30 ነው፣ በፈረንጅ ማርች 9፣ 2023፣ ማሽኑ ግን ጁን 30፣ 2015 ብሎ ያለምንም ቅሬታ ዳታቤዝ ውስጥ ያስቀምጥላችኋል። ሰባት ስምንት ዓመት ደምሩ የሚላችሁን አትስሙ፣ ጳጉሜ 6 ስትሆን መስከረም 1 ወደ ሴፕቴምበር 12 ይሄዳል፣ ያ ሁሉ ቀመር ይዛነፋል። ጆዳ ታይም የሚባለው የጃቫ ላይብረሪ ውስጥ የኢትዮጵያ ካሌንደር ተሰርቶ ተቀምጧል፣ እሱን ናይፋይ ላይ በምትጽፉት ግሩቪ ስክሪፕት ውስጥ ጥሩት። የመጣውን የሀበሻ ቀንም እንዳለ በቴክስት ሌላ ኮለም ላይ አስቀምጡት፣ ሒሳብ ሰራተኛዋ ከደረሰኙ ጋር የምታስተያየው እሱን ነው።

ሰዓቱንም እንዳትረሱ፣ ታይምዞኑን አፍሪካ አዲስ አበባ አድርጉት፣ ዩቲሲ (ከኛ ሦስት ሰዓት ወደኋላ ያለው የዓለም ሰዓት) ላይ ከተዋችሁት ማታ 2 ሰዓት ላይ ያላችሁት ስራ 5 ሰዓት ላይ ይነሳል፣ ያኔ ደግሞ ሱቁ ተዘግቶ ኮምፒውተሩም ጠፍቷል።