በእሳቱ «ሰ» ፈልጌ በንጉሡ «ሠ» የጠፋብኝ ዘፈን

ሠርግ ላይ ዘፈን እያጫወትኩ ነው። የሙሽራዋ አባት መጡና አንድ የድሮ የሠርግ ዘፈን አዘዙኝ። ዘፈኑ እንዳለኝ እርግጠኛ ነኝ። መፈለጊያው ላይ «ሰርግ» ብዬ ጻፍኩ። የለም። በዘፋኙ ስም ሞከርኩ። እሱም የለም። ሰውየው ከጀርባዬ ቆመው ስክሪኑን ያያሉ።

«ልጄ፣ የለህም ማለት ነው?»

«አለኝ አባባ፣ አንዴ ይታገሡኝ።»

ታገሡ፣ ታገሡና ሄዱ። ዘፈኑን ያገኘሁት በማግስቱ ቤቴ ቁጭ ብዬ ነው። ከዓመታት በፊት ስመዘግበው «ሠርግ» ብዬ በንጉሡ ሠ ጽፌዋለሁ። በእሳቱ ሰ ስፈልገው ከየት ይምጣ?

በኮምፒውተር ዘፈን የማጫውትበት የዲጄ ፕሮግራም ሚክስ ይባላል፤ በፈረንጅ ፊደል ሲጻፍ መጨረሻው ላይ ሦስት ኤክስ አለው። ነፃ ነው፣ ኮዱም ክፍት ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. ለዶክትሬት ምርምር ተብሎ ተጀመረ፤ ዛሬ በጎ ፈቃደኞች ናቸው የሚያሳድጉት። ማንም ሰው «ይህ ቢጨመር» ብሎ ሐሳብ ማቅረብ ይችላል። እኔም ያን እሑድ እንቅልፍ ባልጠገበ ዓይኔ አሥራ አራት ሐሳብ በአንድ ገጽ ደርድሬ ላክሁ።

መልሱ አጭር ነበር። አንድ በአንድ አቅርብ፤ ደግሞ ይህን የፈለግከው ምን እየሠራህ ሳለ ነው? እውነቱን ለመናገር አኮረፍኩ። ሁለት ሳምንት ዝም አልኩ።

ኩርፊያዬ ሲበርድ ዝርዝሬን ከመመሪያው ጋር አስተያየሁት። አፈርኩ። አምስቱ ቀድሞም ያሉ ነገሮች ናቸው! ለምሳሌ የችክችካን ነገር ተመልከቱ። ችክችካ በስድስት ስምንተኛ የሚሄድ ምት ነው፤ ያንኑ ዘፈን በሁለትም በሦስትም መቁጠር ይቻላል። እስክስታ የሚመታው ሰው በደቂቃ 120 ምት ብሎ የሚቆጥረውን ኮምፒውተሩ 180 ብሎ ሊያነበው ይችላል። ሳያዩ ሲንክን፣ የሁለት ዘፈኖችን ፍጥነት የሚያመሳስለውን በተን፣ ከተጫኑ ጉድ ነው። እኔ «ይስተካከል» ብዬ ጮኬ ነበር። ለካ ቢፒኤሙን፣ ማለትም በደቂቃ ያለውን የምት ቁጥር፣ በሁለት ሦስተኛ የሚያባዛ ትእዛዝ ሜኑው ውስጥ ተቀምጧል፤ አንድ ጊዜ ይጫኑታል፣ 180ው 120 ይሆናል። የድሮ ባንዶች ቅጂ ላይ ፍጥነቱ መሐል ላይ ሲዋዥቅ ደግሞ፣ ፍጥነቱ አንድ ዓይነት ነው ብሎ የሚገምተውን ምርጫ ማጥፋት ነው። ይህንንም አላውቅም ነበር።

ከችክችካው የተረፈኝ ቅሬታ የሉፕ፣ አንድን የዘፈን ቁራጭ እየደጋገሙ የማጫወት፣ ነገር ነው። ርዝመቱን በእጅ 3 ብሎ መጻፍ ይቻላል፤ በተኖቹ ግን እጥፍና ግማሽ ብቻ ነው የሚያውቁት። ሦስትን ግማሽ ሲሉት አንድ ተኩል ይመጣል። አንድ ተኩል ምት ላይ ማን ይጨፍራል?

በመጨረሻ ይዤ የቀረብኩት የፊደሉን ጉዳይ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ዕድል ቀናኝ። ሚክስ ውስጥ ፍለጋው የላቲን ፊደል ላይ ያሉትን ጭረትና ነጥብ አይቆጥርም፤ ኢ ላይ ጭረት ኖረም አልኖረም ያገኘዋል። ስለዚህ አዲስ ነገር አልጠየቅኩም፤ «ለኛም ፊደል እንደዚሁ አድርጉልን» ነው ያልኩት። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ እና ብዙኃኑ ኀ እንደ አንድ ይታዩ። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ። እስከ ሰባተኛው ድረስ በሠንጠረዥ አስቀመጥኩት። ኸን ልጨምራት አልጨምራት ብዬ ብዙ አሰብኩና ተውኳት።

ከመላኬ በፊት ትግርኛ ተናጋሪ ለሆነ ጓደኛዬ አሳየሁት። ሳቀብኝ። «ሀ እና ሐ ላንተ አንድ ናቸው፤ ለኛ ግን ድምፃቸው ይለያያል። አ እና ዐም እንደዚያው» አለኝ። እውነቱን ነው። የትግርኛ ዘፈን ያልተጫወተበት ሠርግ ደግሞ እምብዛም አላስታውስም። ስለዚህ አንድ መስመር ጨመርኩ፦ የዘፈኑ ስም እንደተጻፈ ይቆይ፣ የሚላላው ፍለጋው ብቻ ይሁን። ትርፍ ዘፈን ቢመጣ ዓይኔ ይለየዋል፤ ያልመጣውን ግን ምን አደርገዋለሁ? በዚያ ላይ የሙሽራዋን አባት ታሪክ በሦስት ዓረፍተ ነገር አስገባሁ። ከዚያ አሥራ አራት ሐሳብ ከደረደርኩበት ገጽ ይልቅ ይህቺ ሦስት ዓረፍተ ነገር ናት ሰው ያናገረችው። ኮድ የሚጽፉት ሰዎች አበሻ ሠርግ አያውቁም፤ ሽማግሌ ከኋላቸው ቆሞ ዘፈን ሲጠፋባቸው ግን ይታያቸዋል።

ጥያቄው እስካሁን ክፍት ነው። እስከዚያው በየዘፈኑ መረጃ ውስጥ ያለውን የአስተያየት ሳጥን እየተጠቀምኩ ነው፤ ፍለጋው እዚያም ስለሚገባ የእያንዳንዱን ዘፈን ሌላኛውን አጻጻፍ እሞላበታለሁ። በፊደል ተራ ነው የምሄደው። አሰልቺ ነው። ሀ፣ ለ፣ ሐ አልቀው አሁን መ ላይ ነኝ፤ ሠ ቀጥላ ናት።