«ራውንደርስ»ን መጀመሪያ አታሳዩ

አምና ክረምት ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ፣ ለሰፈራችን ልጆች የቁማር ፊልም ማሳየት ጀመርኩ። ምክንያቱ ታናሽ ወንድሜ ነው። የቤት ኪራዩን ሦስት ወር በተከታታይ ቤቲንግ ላይ አስበላ። መከርነው፣ እናታችን አለቀሰች፣ ሽማግሌ ገባ። ወይ ፍንክች። ልጁ ግን ፊልም ይወዳል። እኔም ያደግኩት ቪዲዮ ቤት ነው። በዚህ በኩል ልሞክር አልኩ።

መጀመሪያ አንድ ቢሮ ሄጄ የወጣቶች አዳራሽ ጠየቅኩ። ደብዳቤ አምጣ አሉኝ፤ አመጣሁ። ማኅተም ጎደለው አሉኝ፤ አስመታሁ። ሁለት ሳምንት ከተመላለስኩ በኋላ ኃላፊው «ፊልም ይቆይ፣ መጀመሪያ ስለ ቁማር ጉዳት ገለጻ ይሰጥ» አሉኝ። አሁንም ሳስበው ያናድደኛል። እነዚህ ልጆች ገለጻ ጠግበዋል። ገለጻ የሰማ ልጅ አንገቱን ነቅንቆ ይወጣና በዚያው ትኬት ይቆርጣል። ማንም ቢላችሁ ገለጻ አታስቀድሙ።

ቦታው በኋላ በቀላሉ ተገኘ። ሐምሌ ላይ የአውሮፓ ሊጎች ስለሚዘጉ ዲኤስቲቪ ቤቶች ጭር ይላሉ። አንዱ ባለቤት ሰኞ ማታን በአራት መቶ ብር ለቀቀልኝ። ፊልሞቹን በፍላሽ ያዝኩ። ከሥር ጽሑፍ ያለው ይሁን፤ የጅማ ዝናብ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር ምንም አይሰማም። እንግሊዝኛው ለከበዳቸው እኔ እያቆምኩ በአማርኛ እነግራለሁ፣ አንዱ ጎረቤታችን ደግሞ በኦሮምኛ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

የመጀመሪያው ሰኞ ያሳየሁት «ራውንደርስ»ን ነው፣ በፈረንጆች 1998 የወጣውን። ማት ዴመን ፖከር የሚባለውን የካርታ ቁማር የሚጫወት የሕግ ተማሪ ሆኖ ይሠራል። ገና ሲጀምር 30,000 ዶላር በአንድ ሌሊት ያስበላል። «ይኸው፣ ኪሳራውን ያዩታል» ብዬ ነው የመረጥኩት። መጨረሻውን በደንብ አላሰብኩበትም። መጨረሻ ላይ ልጁ ያንኑ የበላውን ሰው፣ ጆን ማልኮቪችን፣ ያሸንፈዋል። ዕዳውን ከፍሎ ትምህርቱን ትቶ ወደ ላስ ቬጋስ ይሄዳል። ሃያ የሚሆኑ ልጆች ተነሥተው አጨበጨቡ። ወንድሜ ከሁሉም ፊት ነበር። አንዱ ልጅ ሲወጣ «ዋናው ማጥናት ነው ማለት ነው» ሲል ሰማሁት። የዚያን ጊዜ በሩን ዘግቼ ማስረዳት ነበረብኝ። ደክሞኝ ነበር፣ ዝናቡም እያየለ ነበር፣ ዝም አልኩ።

ማክሰኞ ወንድሜ ደብተር ገዛ። የቡድን ውጤት፣ የግብ ብዛት፣ የተጎዳ ተጫዋች መመዝገብ ጀመረ። የአውሮፓው ቢዘጋም የሌላ አገር ሊግ ቤቲንግ ቤት ውስጥ አይጠፋም። ሐሙስ ማታ ቤቴ መጣና ሦስት ሺህ ብር አበድረኝ አለኝ። «ፊልሙ ላይ መምህሩ አበድሮት የለ እንዴ?» አለኝ። እውነቱን ነው። የሕግ መምህሩ ለልጁ 10,000 ዶላር ያበድረዋል፣ በዚያው ገንዘብ ያሸንፋል። ራሴ ባሳየሁት ፊልም ተከራከረኝ። ዓይኑ ውስጥ ለወራት ያላየሁት ተስፋ ነበር። ሰጠሁት። ቅዳሜ ማታ ሦስት ሺውም ተበላ።

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ፖከር ላይ የምትጫወተው ከሰው ጋር ነው፤ የተሻለ ሰው የደከመውን ሊበላው ይችላል። ቤቲንግ ላይ የምትጫወተው ከቤቱ ጋር ነው። ቤቱ ደግሞ ድርሻውን አስቀድሞ ቆርጦ ነው ኦድ፣ ማለትም ካሸነፍክ ያስያዝከው ስንት እጥፍ እንደሚከፈልህ የሚናገረውን ቁጥር፣ የሚያወጣው። በሚቀጥለው ሰኞ ይህንን በወረቀት ሠራሁላቸው። ዕድሉ እኩል ለእኩል የሆነ ጨዋታ በትክክል ቢከፈል 2.00 ነው። ቤቱ 1.85 ይሰጣል እንበል። ትንሽ ይመስላል። አምስት እንዲህ ያሉ ጨዋታዎችን በአንድ ትኬት ስታያይዝ ትክክለኛው ክፍያ 32 እጥፍ ነበር፤ የምታገኘው 21.67 ነው። ሲሶው ኳሱ ሳይነካ ሄደ። ልጆቹ ራሳቸው በሞባይል እያባዙ አረጋገጡ። አንዱ ሁለቴ ደግሞ ሠራው።

ከዚያ በኋላ «ካሲኖ»ን አሳየሁ። የማርቲን ስኮርሴዜ ነው፣ 1995። ሦስት ሰዓት ስለሚጠጋ መሐል ላይ ቡና አስገቡ። አንድ ጃፓናዊ ቁማርተኛ ብዙ በልቶ ሊሄድ ሲል አውሮፕላኑ ተበላሸ ይሉትና ይመልሱታል። በትንሽ በትንሹ ይጀምራል፣ ከዚያ ሁሉንም መልሶ ያስረክባል። የካሲኖው ኃላፊ ሆኖ የሚሠራው ሮበርት ዴኒሮ ሕጉን ይነግረናል፤ ሰውየው እስከተጫወተ ድረስ ገንዘቡ የእኛ ነው ዓይነት ነገር። እዚያ ላይ አንድም ያጨበጨበ የለም። መጀመር የነበረብኝ በዚህ ነው።

ብዙ ሰው «አንከት ጀምስ»ን ይመክራል፣ 2019 የወጣውን። ፊልሙ የሚጀምረው ወሎ፣ የኦፓል ማዕድን ማውጫ ላይ ስለሆነ ልጆቹ ወዲያው ይጠጉታል። አዳም ሳንድለር የቅርጫት ኳስ ላይ የሚያያይዘው ትኬት እነሱ ከሚቆርጡት አይለይም። መጨረሻ ላይ ትኬቱ ይገባለታል፣ ወዲያውም ይገደላል። እኔ ግን ለመጨረሻ አቆዩት እላለሁ፣ ለትልልቆቹ ብቻ። ስድቡ ብዙ ነው። ትኬቱ መግባቱን ብቻ ይዞ የሚወጣ ልጅም አይጠፋም፤ አንዴ ተምሬበታለሁ።

ከሁሉም የምወደው «ኦኒንግ ማሆኒ» ነው፣ 2003። ታሪኩ ብራያን ሞሎኒ ከሚባል የቶሮንቶ የባንክ ሠራተኛ የተወሰደ ነው። ሰውየው ከ1980 እስከ 1982 ከባንኩ ከ10 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር በላይ አውጥቶ ለቁማር አዋለ። ፊልሙ ላይ ሙዚቃና ጭፈራ የለም፣ ቆንጆ ልብስ የለም። ፊሊፕ ሲይሞር ሆፍማን አንገቱን ደፍቶ ይጫወታል፣ በቃ። መጨረሻ ላይ ቁማር የሚሰጥህ ደስታ ከመቶ ስንት ነው ተብሎ ይጠየቃል። መቶ ይላል። ከቁማር ውጭ ያገኘኸው ትልቁስ? ሃያ።

ፊልሙ ሲያልቅ ወረቀት አደልኩና ይህንኑ ሁለት ጥያቄ ጠየቅኳቸው። ስም አትጻፉ አልኩ። የወንድሜን የእጅ ጽሑፍ ግን አውቀዋለሁ። ለመጀመሪያው ዘጠና ጽፏል። ሁለተኛውን ባዶ ትቶታል።

አሁንም ይቆርጣል፣ ግን ኪራዩን ከፍሎ ነው። ሦስት ሺህ ብሬን አልመለሰም። እኔም አልጠየቅኩትም፤ ያንን ገንዘብ ያስበላሁት እኔ ነኝ።