ቀልብህን ሰብስብ

ዛሬ ጠዋት የምሠራበት መጋዘን ውስጥ አንድ ሾፌር የዘይት ፊልትሮ ጠየቀኝ። ከጠረጴዛዬ እስከ መደርደሪያው ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። መሃል ላይ አንዱ "የጓሮው በር ቁልፍ የት ነው?" ብሎ ጠራኝ። መለስኩለት። ከዚያ መደርደሪያው ጋ ደርሼ ቆምኩ። ምን ልወስድ ነበር የመጣሁት? ካንዴላ? ፍሬን ሸራ? እጄ ላይ ወረቀት ባይኖር ኖሮ እዚያው ተገትሬ እቀር ነበር። ወረቀቱ "ፊልትሮ" ይላል። አነሳሁና ወጣሁ። ሾፌሩ ምንም አላወቀም።

ይሄማ ማንም ላይ ይደርሳል ትሉኝ ይሆናል። ይደርሳል። እኔ ላይ ግን ሲነጋም ሲመሽም ይደርሳል። ከስምንት ዓመቴ ጀምሮ።

1989 ዓ.ም. ነው፣ ናዝሬት። ያኔ የሰፈራችን ልጆች ትልቁ ጀብዱ ጋሪ ኋላ መንጠልጠል ነበር። ባለጋሪው ዞሮ አያይም፤ ጅራፉን ብቻ ወደ ኋላ ይወነጭፋል። እኔ ጅራፉን ስሸሽ እጄን ለቀቅኩ አሉ። አስፋልቱን በግንባሬ አገኘሁት። "አሉ" የምለው እኔ ስለማላስታውስ ነው። የማስታውሰው የጋሪውን ጎማ፣ ከዚያ ደግሞ የሆስፒታሉን ኮርኒስ ነው። በመሃል ያለው ባዶ ነው።

ሁለት ሌሊት አደርኩ። ራጅ ተነሳሁ፤ "አጥንቱ ደህና ነው" ተባለ። ራጅ አጥንት እንጂ አንጎል እንደማያሳይ ለእናቴ የነገራት የለም። ቢነግሯትስ ምን ታደርግ ነበር? ጎረቤት መጣ፣ ቡና ተፈላ፣ "እንኳን እግዜር አተረፈልሽ" ተባለ። ስፌቱ ሲወጣ ነገሩ አለቀ።

ያለቀም ይመስል ነበር። ቤት ውስጥ ብቻ ትንሽ ትንሽ ይታይ ነበር። እናቴ ሱቅ ስትልከኝ ጣቶቼን አንድ በአንድ እያጠፈች ትቆጥርልኛለች፦ ጨው፣ ክብሪት፣ ላምባ። ጣቶቼን እንዳጠፍኩ እሮጣለሁ። መንገድ ላይ ልጆች ብይ ሲጫወቱ ካየሁ ግን አንዱ ጣት ይዘረጋል። የትኛው እንደሆነ ደግሞ አላውቅም። ስመለስ ኩርኩም ይጠብቀኛል። እስቲ አስቡት፣ የረሳ ልጅ የሚመታው ጭንቅላቱን ነው።

እስከ አራተኛ ክፍል ሁሉን የሚያስተምረን አንድ መምህር ስለነበር ተንፏቅቄ አለፍኩ። ከአምስት እስከ ስምንትም እንደምንም። ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ነው የተናደው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ሆነ፤ በየአርባ ደቂቃው መምህር ይቀየራል። ሰሌዳውን ስገለብጥ የሚናገሩት ያመልጠኛል። የሚናገሩትን ስሰማ ሰሌዳው ይጠፋል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጭንቅላቴ ውሃ የጠጣ ጥጥ ይሆናል። መጀመሪያ "ፈዛዛ" ተባልኩ፣ ቀጥሎ "ሰነፍ"። አንድ መምህር ግን ክፍል በገቡ ቁጥር ገና ሲያዩኝ "ቀልብህን ሰብስብ!" ይሉኝ ነበር። ይህን አልረሳሁትም፤ የሚገርመው እሱ ነው።

ቃሉን ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ቀልብ አውድማ ላይ እንደ ተበተነ እህል የሚሰበሰብ ነገር ነው ማለት ነው። እሺ፣ ይሰብሰብ። ግን በምን እጅ? የተጎዳው ሰብሳቢው እጅ ራሱ ከሆነስ?

ይህን ጥያቄ የሰጡኝ አንድ ሐኪም ናቸው። አምና ለራስ ምታት ሄጄ ግንባሬ ላይ ያለውን ጠባሳ አዩትና "ይሄ ምንድን ነው?" አሉኝ። ነገርኳቸው። "ከዚያ በኋላ ትምህርት እንዴት ነበር?" በሠላሳ ስድስት ዓመቴ ይህንን የጠየቀኝ የመጀመሪያዋ ሰው ናቸው። ከመቶ ጀምሬ ሰባት ሰባት እየቀነስኩ እንድወርድ አዘዙኝ። ዘጠና ሦስት። ሰማንያ ስድስት። ከዚያ አየኋቸው። "ስንት ስንት ነበር የምቀንሰው?" አልኩ። አልሳቁም፤ ጻፉት።

ከግንባር ኋላ ያለው የአንጎል ክፍል ነው አሉኝ፣ ትኩረትን የሚመራው፣ የቱ ይቅደም የቱ ይቆይ የሚለው። ስምንት ዓመት ላይ ገና እየተሠራ ነው፤ እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ድረስ ተሠርቶ አያልቅም። ስለዚህ ልጅ ሲመታ ጉዳቱ ሁሉ ያን ቀን አይታይም። ያ ክፍል በደንብ የሚፈለግበት ዕድሜ ሲመጣ ነው ዕዳው የሚጠየቀው። የኔ ዕዳ ዘጠነኛ ክፍል ላይ ተጠየቀ። "ግን ሁሉንም ነገር ጋሪው ላይ አትለጥፍ" አሉኝ ደግሞ። "እንቅልፍም አለ፣ ጭንቀትም አለ።" ይህን በማለታቸው የበለጠ አመንኳቸው።

ቤቴ ገብቼ ማንበብ ጀመርኩ፤ በቀን ሁለት ገጽ፣ ከዚያ በላይ አይሆንልኝም። ማርጋሬት ኬናርድ የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ ነበረች። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1930ዎቹ፣ አንጎላቸው የተነካ ትንንሽ ጦጣዎች ከትልልቆቹ በተሻለ ሲያገግሙ አየች። ከዚያ ወዲህ "የልጅ አንጎል ቶሎ ይድናል" የሚለው ነገር ለረጅም ጊዜ እንደ ሕግ ተያዘ። የኋላ ጥናቶች ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል እንዳልሆነ፣ በከባድ ምት ጊዜ እንዲያውም በልጅነት መጎዳቱ ሊብስ እንደሚችል አሳዩ። የኛ ሰፈር ሰዎች ኬናርድን ሳያነቡ "ልጅ አይደል፣ ይረሳዋል" ብለዋል። ልክ ነበሩ። ሁሉንም ረሳሁት።

ለኔ የሚሆን ሥራ ላይ የወደቅኩት በአጋጣሚ ነው። ንብረት ክፍል ውስጥ ማንም በጭንቅላቱ እንዲያስታውስ አይጠበቅበትም። ሞዴል 19 የሚባለው ደረሰኝ ሳይቆረጥ ዕቃ አይገባም፤ ሞዴል 22 ሳይቆረጥ አይወጣም። እያንዳንዱ መደርደሪያ ላይ ቢን ካርድ ተንጠልጥሏል፤ ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ስንት ቀረ። መጋዘኑ ያስታውስልኛል። ጓደኞቼ ሥራው ይሰለቻል ይላሉ። እኔ ጠዋት በሩን ስከፍት ትከሻዬ ይቀለኛል። የሚከብደኝ ስብሰባ ነው። ሦስት ሰው ተደራርቦ ሲያወራ አንዱንም አልሰማም፤ ጭንቅላቴን እየነቀነቅኩ እወጣለሁ።

ለእናቴ ለመንገር ወራት ፈጀብኝ። ባለፈው እሑድ ናዝሬት ወርጄ ቡና ላይ ነገርኳት። ስኒ እያጠበች ነበር። አንዱን ስኒ ደጋግማ አጠበችው።

"እኔ እኮ በኩርኩም እልህ ነበር" አለች፣ ቀና ሳትል።

"ተዪው እማዬ" አልኳት። ሌላ የምለው አልመጣልኝም።

ዝም ተባባልን። ከሰሉ ላይ ዕጣን ልትጨምር ሙዳዩን ከፈተች፤ ባዶ ነው። እጄን ሳብ አደረገችና እንደ ድሮው ጣቶቼን ማጠፍ ጀመረች። "ዕጣን። ስኳር። ክብሪት።" ሦስተኛውን ጣት ትንሽ ቆየችበት። እኔ ደግሞ አላመንኩትም፣ ስልኬ ላይ ጻፍኩት።

ሦስቱንም ይዤ ተመለስኩ። በሩ ላይ ስደርስ ኪሴን ዳበስኩ። ስልኬን የሱቁ ባንኮኒ ላይ ትቼው መጥቻለሁ።