በሦስት ካሜራ የተቀረጸ ሠርግ በቤት ኮምፒውተር ሲቀናበር፦ ድምፅና ከንፈር የሚለያዩበት ቦታ

ሐዋሳ ውስጥ ዛሬ ሠርግ በአንድ ካሜራ ብቻ ሲቀረጽ ብዙም አይታይም። አንዱ ካሜራ ሙሽሮቹ ፊት ይቆማል፣ አንዱ ከአዳራሹ ጀርባ በትራይፖድ፣ ሦስተኛው ብዙ ጊዜ የረዳት ወይም የዘመድ ስልክ ነው። ሦስቱን አገጣጥሞ አንድ ፊልም ማውጣት ውድ ሶፍትዌር አይጠይቅም፤ እኔ የምሠራው በነጻው ዳቪንቺ ሪዞልቭ ነው። የሚያስቸግረው ሌላ ነው። ሲጀምር ልክክ ብሎ የገጠመው ድምፅ ፕሮግራሙ ሲጋመስ ከመራቂው ሽማግሌ ከንፈር መለየት ይጀምራል፤ ኬክ ሲቆረስ ደግሞ ጭብጨባው ሌላ፣ እጁ ሌላ ይሆናል። የማውቃቸው የኤዲቲንግ ሥልጠናዎች ስለ ትራንዚሽንና ስለ ቀለም ሲያስተምሩ ይከርማሉ፣ ስለዚህ ግን ትንፍሽ አይሉም። ሰው ገንዘብ ከፍሎ ተምሮ ዋናውን ነገር ሳይሰማ መውጣቱ አሁንም ያናድደኛል።

ቀላሉን በአጭሩ ልጨርስ። ካሜራዎቹ ሁሉ ፓል በሚባለው የቪዲዮ ሥርዓት ላይ፣ በሰከንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ሥዕል)፣ ሻተር (ለእያንዳንዱ ሥዕል ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/50 ሰከንድ ይሁኑ። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ አምፖሉ በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል፤ በ30 ፍሬምና በ1/60 ከቀረጻችሁ ግድግዳው ላይ ጥቁር መስመር ሲንከባለል ታያላችሁ፣ ያንን ደግሞ በኋላ ማጽዳት መከራ ነው። ዋይት ባላንሱን (የቀለም ሚዛኑን) ኦቶ ላይ አትተዉት። የካሜራዎቹን ሰዓት አመሳስሉ፤ አንዱ በሐበሻ፣ ሌላው በፈረንጅ አቆጣጠር ከሞላ የ6 ሰዓት ልዩነት ይፈጠርና ፋይሎቹ በሰዓት ሲደረደሩ እራቱ ከቤተ ክርስቲያኑ ይቀድማል። ሪዞልቭ ውስጥ ምንም ፋይል ሳታስገቡ የታይምላይኑን (ክሊፖቹ የሚደረደሩበትን መስመር) ፍሬም ሬት 25 አድርጉ፤ ሥራ ከተጀመረ በኋላ ይቆለፋል።

አሁን ወደ ስልኩ። ካሜራ በሰከንድ 25 ፍሬም ካለ 25 ይቀርጻል። ስልክ ግን 30 ብሎ ጽፎ አንዴ 30፣ አንዴ 28 ይቀርጻል፤ ብርሃን ሲያንሰው ደግሞ ሥዕሉ እንዲደምቅለት ፍሬሙን እስከ 24 የሚያወርድ አለ። ዲጄው መብራቱን ሲያደበዝዝ ስልኩም አብሮ ይቀንሳል። ድምፁ በራሱ ሰዓት ይሄዳል፣ ሥዕሉ ግን ወጥ ባልሆነ እርምጃ። ኤዲቲንግ ሶፍትዌር ወጥ ቁጥር ስለሚጠብቅ ልዩነቱ ቀስ በቀስ ይጠራቀማል። ለዚህ ነው መጀመሪያው ላይ አይታችሁ «ገጥሟል» ብላችሁ የምታልፉት። ፋይሉን ሚዲያኢንፎ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ክፈቱት፤ ፍሬም ሬት ሞድ በሚለው መስመር «ቫሪያብል» ካለ ወደ ታይምላይን አታስገቡት።

መፍትሔው ሀንድብሬክ የሚባለው ቪዲዮ መቀየሪያ ፕሮግራም ነው፣ እሱም ነጻ ነው። ቪዲዮ በሚለው ገጽ ፍሬም ሬቱን 25፣ ከሥሩ «ኮንስታንት»፣ ጥራቱን አርኤፍ 18፣ የድምፁን ሳምፕል ሬት 48 አድርጋችሁ ለቅቃችሁት ተኙ። በነባሪው ምርጫ ከተዋችሁት ግን ሥዕሉን አሳምሮ ችግሩን እንዳለ ይመልስላችኋል። አንድ ዋጋ አለው፦ ከ30 ወደ 25 ሲወርድ ከየ6ቱ ፍሬም አንዱ ይጣላል። ንግግር ላይ ማንም አያየውም፤ እስክስታ ላይ ግን ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ይቆራረጣል። ስለዚህ ስልኩን ለጭፈራ አትመኑት፣ ለሰፊው እይታ አቁሙት። አስቀድማችሁ ካወቃችሁ ደግሞ ብላክማጂክ ካሜራ የሚባለውን ነጻ መተግበሪያ ጭናችሁ 25 ላይ ቆልፉት፤ አይፎን ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ የፓል ምርጫውን አብሩ።

ማገጣጠሙ ላይ መመሪያው የሚለው ክሊፖቹን ምረጡና በድምፅ ሲንክ አድርጓቸው (አገጣጥሟቸው) ነው። ለአዳራሽ ሠርግ ይህ አይበቃም። አንደኛ፣ ከበሮና ጭብጨባ እየተደጋገመ ስለሚሄድ ማሽኑ አንዱን ዙር ከሌላው ዙር ጋር ያጋጥመዋል። ሁለተኛ፣ ሐይቁ ዳር ነፋሱ በየማይኩ ላይ ለየብቻው ስለሚነፋ የሚመሳሰል ድምፅ አያገኝም። ሦስተኛውና ማንም የማያነሳው ርቀት ነው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከድምፅ ማጉያው 27 ሜትር ርቆ የቆመ ካሜራ ንግግሩን የሚሰማው 80 ሚሊ ሰከንድ ዘግይቶ ነው፣ በ25 ፍሬም ሲሰላ 2 ፍሬም ማለት ነው። በድምፅ ስታገጥሙት የሩቁ ካሜራ ሥዕል በ2 ፍሬም ይቀድማል፤ ተናጋሪው አፉን ከፍቶ ድምፁ ይከተለዋል። ኮምፒውተሩ ግን በትክክል ገጥሟል ብሎ ያምናል።

እኔ የማምነው የፎቶ አንሺውን ፍላሽ ነው። ፍላሽ ሲበራ በሁሉም ካሜራ ላይ በአንድ ቅጽበት አንድ ፍሬም ይነጣል፤ አንዳንዴ ሙሉው ሳይሆን ግማሹ ብቻ ነጭ ሆኖ ይታያል። ብርሃን ርቀት አያዘገየውም። እያንዳንዱን ካሜራ በየራሱ ትራክ ላይ ደርድሬ፣ ሙሽሮቹ ሲገቡ የበራ አንድ ፍላሽ እፈልጋለሁ፤ ክሊፑን መርጬ በኮማና በነጥብ ቁልፍ አንድ አንድ ፍሬም እየገፋሁ ነጮቹን ፍሬሞች አንድ መስመር ላይ አመጣቸዋለሁ። ከዚያ በቀጥታ ወደ ክሊፑ መጨረሻ ሄጄ ሌላ ፍላሽ አያለሁ። እዚያም ከገጠመ ጨርሻለሁ። የመጨረሻውን ሳያዩ መቁረጥ መጀመር የሁለት ቀን ሥራ ያስደግማል። ውጭ በፀሐይ ፍላሹ ስለማይታይ በየቦታው ሁሉም ካሜራዎች እያዩ አንድ ጠንካራ ጭብጨባ ይጨብጨብ።

መጨረሻው ላይ 1 ወይም 2 ፍሬም ብቻ ከተለየ የየመሣሪያው ሰዓት ቆጣሪ ትንሽ ስለሚለያይ ነው፤ ለብቻው የተቀዳ ድምፅ በሰዓት ውስጥ ይህን ያህል ቢርቅ አይገርምም። ፍጥነቱን በፐርሰንት ለመለወጥ አትድከሙ። ዝም የተባለበት ቦታ ላይ ቁረጡና የቀረውን በአንድ ፍሬም ግፉት።

የቆዩ ካሜራዎች ደግሞ ከ30 ደቂቃ ጥቂት ሲቀረው ራሳቸው ያቆማሉ። ካሜራማኖቹ በፈረቃ ያቁሙ፣ ሁለቱ አንድ ላይ አይጥፉ። አዲስ የተጀመረ ክሊፕ ሁሉ እንደገና በፍላሽ ይገጠማል። ድምፅ መቅጃው ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይቁም፤ በ48 ኪሎኸርዝ፣ 16 ቢት ስቴሪዮ ዌቭ ፋይል በሰዓት 700 ሜጋባይት ገደማ ቢወስድ ነው። የዲጄውን ሚክሰር ላይን (ከድምፅ መቀላቀያው በቀጥታ የሚወጣውን ድምፅ) አስቀድማችሁ ለምኑ፤ የሚከለክል አይጠፋም፣ ያኔ መቅጃውን ከስፒከሩ ፊት 2 ሜትር ላይ አኑሩት።

ሲገጥም ታይምላይኑን ሚዲያ ፑል ውስጥ በቀኝ ጠቅ አድርጎ ወደ መልቲካም ክሊፕ (ካሜራዎቹን ሁሉ አንድ ላይ የያዘ ክሊፕ) መለወጥ፣ ፕሮክሲ (ኮምፒውተሩን የማያከብድ ቀለል ያለ ቅጂ) መሥራት፣ ከዚያ እያጫወቱ የሚፈለገውን ካሜራ ጠቅ ማድረግ ነው። ድምፁ አብሮ እንዳይቀያየር ቪዲዮ ብቻ የሚለውን ምረጡ። ምርቃት ላይ በየ3 ሰከንዱ አትቁረጡ። ሽማግሌው ሲመርቅ ቢያንስ አንድ ጊዜ ወደ እናትየው ፊት ሂዱና ቆዩበት፤ ቤተሰቡ ደግሞ ደጋግሞ የሚያየው እሱን ነው።

ለፍላሽ ዲስክ ስታወጡ በሰከንድ 8 ሜጋቢት፣ በ1 ሰዓት በ1 ሰዓት ከፋፍሉት። አንዱ ክፍል 3.7 ጊጋባይት ገደማ ይሆናል፤ በ10 ሜጋቢት ካወጣችሁት ፋት 32 የሚባለው የዲስክ ፎርማት በአንድ ፋይል ከሚይዘው 4 ጊጋባይት ስለሚያልፍ ወደ ዲስኩ አይገለበጥም፣ አንዳንድ የቆዩ ቴሌቪዥኖች ደግሞ ሌላ ፎርማት አያነቡም። መከፋፈሉ መብራት ሲጠፋም ይጠቅማል፤ የሚደገመው የጀመራችሁት ክፍል ብቻ ነው።